አራዳ ላይ የተከሰሰችው ቤት

የልጅ ልጄ ዓይናለም ባለፈው ሳምንት ፊቷን አኮሳትራ መጣችና፣ ካልወጣን ብላ ጎትታ ፒያሳ ኬክ ቤት ወሰደችኝ። የጻፈችውን አጭር ታሪክ አሳታሚው መልሶባታል። ታሪኩ ጨረቃን በእንስራ ስለምትቀዳ ልጅ ነው። "ፋንታሲ" ትለዋለች። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ስም አልነበረውም፤ ውሸት ነበር የሚባለው። አሳታሚው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ምትሃት ያለበት ታሪክ በአንባቢ ዘንድ እንዲወደድ ምን ምን ሊኖረው እንደሚገባ ሲያስረዳት አርፍዷል። ቶሎ ይጀምር። ምትሃቱ ደንብ ይኑረው። አዲስ ይሁን፣ ግን አምና የተሸጠውን ይምሰል። እንግዳ አገር ይሁን፣ ግን አንባቢ አይደናገር። "አባባ፣ እነዚህን እንዴት አድርጌ ላስታርቃቸው?" አለችኝ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ሰውዬው ታሪኩን አንብቦ እንዳልጨረሰው ከንግግሩ ያስታውቃል። ደግሞም የተቀመጥንበት ኬክ ቤት፣ ግምቴ ካልሳተ፣ የእኔ ታሪክ በአደባባይ ተከስሶ የቆመበት በረንዳ የነበረበት ቦታ ነው። አስተናጋጁ ምን እንደምጠጣ ሲጠይቀኝ አልሰማሁትም፤ ልቤ ሄዷል።

ያኔ ፒያሳ የሚባል ነገር የለም። ጣሊያን ገብቶ ስሙን ሳይለጥፍበት በፊት አራዳ ነው፣ አለቀ። ከጊዮርጊስ በታች ገበያው ይንጫጫል፤ የበቅሎ ቃጭል፣ የአህያ ጩኸት፣ የጨው ነጋዴው ክርክር አንድ ላይ ይሰማል። የአርመኑ ጫማ ሰፊ ከህንዱ የጨርቅ ሱቅ ጎን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የግሪኩ መጠጥ ቤት። ግሪኩ የሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ መርፌው ስለ ዶለዶመ ዘፋኙ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። እኛ ግን ከደጅ ቆመን እንሰማለን፤ ከዚያ የተሻለ ዘፈን አለ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አንድ ጠገራ ብር ይዞ የወጣ ሰው ሥጋውን፣ ቅቤውንና በርበሬውን ሸምቶ ለአንድ ብርሌ ጠጅ የሚሆን መሐለቅ ይተርፈዋል። ዛሬ ይህን ስናገር ዓይናለም ታዝንልኛለች፤ የማጋንን ይመስላታል። ጎረምሳው ተነፋነፍ ሱሪ፣ ከላዩ ኮት፣ ከኮቱ በላይ ሸማ ደርቦ ይወጣና፣ ጭቃው ጋ ሲደርስ አዲሱን ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል። ጫማ የሚገዛው እንዲታይ እንጂ ጭቃ እንዲረገጥበት አልነበረም።

እኔ የምሠራው ወደ እሪ በከንቱ ሲወረድ ቁልቁለቱ ላይ፣ በቆርቆሮ በተከደነች አንዲት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነበር። ሥራዬ ፊደል ለቀማ ነው፤ የእርሳስ ፊደላትን ከሳጥን እያነሱ መስመር በመስመር መደርደር። ባለቤቱ አቶ ደምሴ ይባላሉ። እኚህ ሰው የሚያትሙትን ነገር አያነቡም። ዓይናቸው ደኅና ነው፤ ፊደልም ያውቃሉ፤ ግን አያነቡም። "እኔ ብወደው ማን ይገዛኛል?" ይላሉ። አዲስ ጽሑፍ ሲመጣላቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ያደርጋሉ። በረንዳው የአያ በድሩ ነው፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሦስት የስፌት መኪና የተከለ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ መከራከር የሚችል ሰው። ልብስ ሊያሰፋ የመጣው፣ ከገበያ የሚመለሰው፣ ሥራ የፈታው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። አቶ ደምሴ ጥግ ላይ ይቆሙና አንባቢውን ትተው ዣንጥላዎቹን ያያሉ። ዣንጥላ ያኔ ለዝናብ ብቻ አልነበረም፤ ለፀሐይም ለኩራትም ነው። ሰው ሲቀመጥ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል፤ ሊሄድ ሲያስብ ደግሞ ራሱ ሳያውቀው እጁ መጀመሪያ ወደ ዣንጥላው ይሄዳል። ጽሑፉ ሳያልቅ ሦስት ዣንጥላ ከተነሣ አቶ ደምሴ ወረቀቱን ከአንባቢው እጅ ይቀበሉና "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። እንግዲህ ያ ጽሑፍ ሞተ ማለት ነው።

እኔ ደግሞ እንዲታተምልኝ የምፈልገው ጽሑፍ ነበረኝ። እንዲታተም የፈለግሁት በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ባሻ ድንቁ ሙግት የታወቀላቸው ጠበቃ ነበሩ፤ ችሎት ላይ ዘንጋቸውን ከፍ አድርገው መናገር ሲጀምሩ የተቃራኒው ወገን ሰው ሁሉ ልቡ ይከዳዋል። እኔ የእሳቸውን ሥራ እንድወርስ አስበው ነበር። ማተሚያ ቤት ገብቼ ተረት መጻፍ መጀመሬን ሲሰሙ ጠርተው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩኝ፦ "ጽሕፈት ለሕግና ለጸሎት ነው። ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሐሰተኛ ምስክር ነው።" ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። ሁለት ክረምት ሙሉ ከችሎት ሲመለሱ በበቅሎ በማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ያልፋሉ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ፤ እሳቸው የበቅሎዋን ጆሮ ያያሉ። ስሜ ታትሞ ቢያዩት ያን ቃል የሚያነሡልኝ ይመስለኝ ነበር። ምኑን ተስፋ እንዳደረግሁ አሁን ሳስበው ራሴም ይገርመኛል፤ የታተመ ውሸት ካልታተመ ውሸት የሚብሰው ለእንደሳቸው ዓይነት ሰው ነው።

ታሪኬ እንዲህ ነው። ቡልጋ ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች። አንድ ልጇ ሳይነግራት ወደ ከተማ ጠፍቶ ሄዷል። ሴትዮዋ ማታ ማታ ታለቅሳለች። ቤቷ ለቅሶውን መስማት ሰለቻትና አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ምሰሶዋን ከመሬት ነቅላ ተነሣች፤ ሴትዮዋን ከነአልጋዋ ይዛ ልጁን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠች። መጥታም አራዳ፣ አንድ ባለጠጋ ነጋዴ ግቢ ውስጥ አረፈች። ልጁ እዚያው ግቢ ተቀጥሮ ይሠራል፤ እናቱን በአጥር ቀዳዳ ያያታል፤ ግን አፍሮ አይወጣም። ይኸው ነው። እኔ ግን ወጣት ነበርኩና ይህ አልበቃኝም። ክንፍ ያለው ፈረስ አስገባሁ። በሰማይ የሚነድ ወንዝ፣ ሰባት ራስ ያለው እባብ፣ የሚናገሩ ከዋክብት አስገባሁ። ቤቲቱ ገና ከቡልጋ ሳትወጣ አንድ ሰዓት የሚነበብ ነገር ጻፍኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ቤቲቱ ከየት ተነሥታ የት እንደምታርፍ ባጭሩ ተናገርኩና እኔው ራሴ አነበብኩት። እባቡ ሁለተኛውን ራሱን ሳያነሣ ሁለት ዣንጥላ ተነሣ። የሚናገረው ኮከብ መጀመሪያ አፉን ሲከፍት ሦስተኛው ሄደ። አቶ ደምሴ እጃቸውን ዘርግተው "እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። በዚያች ቀን ያዘንኩትን ያህል አባቴ በደጄ ሲያልፉም አላዘንኩም። ዘወር ስል አያ በድሩ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣና "ቆይማ፣ ያች ቤት ያረፈችው በማን መሬት ላይ ነው?" አለኝ።

"በነጋዴው ግቢ ነዋ። ተናግሬያለሁ እኮ።"

"በፈቃዱ ነው?"

"ፈቃድ የጠየቀ የለም። ቤት ናት፣ ሄዳ መጣች። ተአምር ነው።"

"ተአምሩስ ይሁን፤ ግብሩን ማን ይከፍላል ታዲያ?" አለ።

ራሴን ያዝኩ። እኔ ከዋክብት ሳናግር የከረምኩ ሰው ስለ መሬት ግብር እጠየቃለሁ። ግን የሚያናድደው ነገር ዣንጥላቸውን አንሥተው የነበሩት ሁለት ሰዎች ይህን ሲሰሙ መመለሳቸው ነው። አንዱ "ከነቤቷ ከመጣችማ አጥሩን አፍርሳለች ማለት ነው፤ የአጥሩ ካሣስ?" ሲል፣ ሌላው "ቡልጋ የቀረው ባዶ ቦታ ርስቷ እንደሆነ ይቀራል ወይስ ይነጠቃል?" ይላል። ስለ ፈረሱ የጠየቀ የለም። ክንፉን ለመጻፍ ሦስት ሌሊት አምሽቼበታለሁ፤ ስለ ክንፉ ማንም አልጠየቀኝም።

ለዓይናለም ይህን ስነግራት "እና ደንብ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ አሳታሚው ያለው እውነት ነው" አለችኝ። ይበልጥ ተናደድኩ። ደንቡን የምትፈልጊው ምትሃቱን ለማስረዳት አይደለም አልኳት። አያ በድሩ ቤት እንዴት እንደሚሄድ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀኝም። ቤት መሄዱን በሙሉ ልቡ ተቀብሏል። የጠየቀኝ ከሄደ በኋላ በሰው ላይ ስለሚመጣው ጣጣ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ራሱ በዚያ በረንዳ ኪራይ የተነሣ ሦስት ጊዜ ዳኛ ፊት ቆሟል። ሰው እንግዳ ነገር ስታመጪለት የራሱን ጉዳይ ይዞ ይገባበታል። የሚገባበት በር ካላገኘ ዣንጥላውን ያነሣል። እሷ ግን ወረቀት ማፈላለግ ጀመረች፣ ልትጽፈው። እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል እንዴ።

ለማንኛውም ተናድጄም ቢሆን ፈረሱን ጣልኩ። እባቡን ከነሰባት ራሱ ጣልኩ። ከዋክብቱን ስጥል ግን ልቤ ደማ፤ አንዲቱ ኮከብ በጣም ቆንጆ ነገር ትናገር ነበር። የቀረችው የምትሄደው ቤት ብቻ ናት። በሁለተኛው ቅዳሜ ቤቲቱ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተነሣች፤ ወረቀቱ ሲያልቅ ዣንጥላዎቹ ሁሉ ግድግዳው ላይ ነበሩ። እኔም አሁን ሴቱ ያለቅሳል፣ ወንዱ ይተክዛል ብዬ ጠበቅሁ።

ማን ያልቅስ። አያ በድሩ ብድግ አለና "በሕግ አምላክ!" ብሎ ጮኸ። እሱ ነጋዴውን ወክሎ ከሳሽ ሆነ፤ ገበያ የመጣ አንድ ሸማኔ ስለ ሴትዮዋ ተከሳሽ ሆነ። ሁለቱ አንዱ እንዳይጠፋ የነጠላቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው ተቆራኙ። የዛሬ ሰው አያውቀውም፤ ያኔ ሁለት ባላጋራዎች ከተጣሉ መንገደኛውን ሽማግሌ ያዝ አድርገው "ዳኘን" ይላሉ፤ የተያዘውም እምቢ አይልም። ከጊዮርጊስ ወጥተው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ አንድ ባለነጭ ጺም አዛውንት ተይዘው የአያ በድሩ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። የተረታ ማር ይክፈል ብለው ተወራረዱ። ዋስ ተጠራ። እኔ ወረቀቴን ታቅፌ "ኧረ ተረት ነው፣ ኧረ ተረት ነው" እላለሁ፤ አንዱ ጎኔን ጎሸም አድርጎ "ዝም በል፣ ዳኛ ተሰይሟል" አለኝ። ታሪኩን ከመጀመሪያ ያልሰማው መንገደኛ ሁሉ እውነተኛ ክስ መስሎት ይቆማል። መንገዱ ተዘጋ።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ምስክሩ ነው። ዳኛው "ቤቲቱ በእርግጥ በእግሯ ስለመምጣቷ ምስክር አለ?" ሲሉ፣ ጌሾ ተሸክሞ ወደ ገበያ ይወርድ የነበረ ሰውዬ ሸክሙን አወረደና "እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀበና ወንዝን ስትሻገር እንኳን ክዳኗ አልረጠበም" አለ። ምሎ ተናገረ። እኔ ነኝ የጻፍኳት፣ እኔ እንኳ ቀበናን እንደተሻገረች አላውቅም። ሕዝቡ "እውነት ነው፣ በዚያ በኩል ነው መንገዱ" እያለ ራሱን ይነቀንቃል። አቶ ደምሴ በጆሮዬ "ይታተማል" አሉኝ። እንዲህ በቀላሉ። አንድ መስመር አላነበቡም፤ ሰው ሲጣላበት አዩ፣ በቃቸው። ታተመም። ተሸጠም። ሰዎች ገዝተው መጠጥ ቤት ይዘውት ይሄዱና ማን እንደሚረታ ይከራከሩበታል፤ ስለ አጻጻፌ አንዲት ቃል ያለኝ ሰው እስካሁን የለም። የታተመው መጨረሻ ግን ያን ቀን በረንዳው ላይ የተነበበው አይደለም፤ የተለወጠበት ምክንያት አለው።

ሸማኔው ሙግት አያውቅም፤ ተንተባተበ። አያ በድሩ ደግሞ መቼ ዝም ይላል። ዳኛው "እንግዲህ ቤቲቱ ትነሣ" ሊሉ ጥቂት ሲቀራቸው ከመንገዱ ላይ "ሴትዮዋ ጠበቃ የላትም እንዴ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት። አባቴ በበቅሎ ላይ እንዳሉ ቆመዋል፤ ሕዝቡ መንገድ ዘግቶባቸው ነው የቆሙት። እኔን አላዩኝም፤ ወይም አይተው የበቅሎዋን ጆሮ ተመለከቱ። ወርደው ጉዳዩን ጠየቁ። አንዱ ከመሬቱ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ልጁ መደበቅ አሳጥሮ ነገራቸው። አባቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ሰሙና "ቤት ሄደች ነው የምትሉት?" አሉ።

"አዎ፣ ባሻ።"

"በምስክር ተረጋግጧል?"

"በዓይኔ አይቻለሁ" አለ ባለጌሾው።

"ከሳሽስ በእግሯ መምጣቷን ይክዳል?"

"አልክድም" አለ አያ በድሩ።

"ያልተካደ ነገር አያከራክርም። ወደ መሬቱ እንሂድ" አሉና ዘንጋቸውን አነሡ። "ዳኛዬ፣ ከሳሽ በመሬቴ ላይ ቤት ተሠራብኝ ይላል። ማን ሠራ? ጉድጓድ የቆፈረ አለ? ምሰሶ የተከለ አለ? ማገር ያሰረ አለ? በእግሩ መጥቶ ደጅ ያረፈ መንገደኛ ይባላል እንጂ ወራሪ አይባልም። መንገደኛ ደግሞ ጉዳዩ ሳይፈጸም ውጣ አይባልም። የዚህች ሴት ጉዳይ ልጇን ማየት ነው። ልጇን እስክታይ ትረፍ።" ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ዳኛው ጺማቸውን አሻሹ። አባቴ ዘወር ብለው "ሴትዮዋን አቅርቧት። ዋሷ እኔ ነኝ" አሉ።

ታሪኩን የሰሙት ሁሉ ወደ እኔ ያያሉ፤ ሊነግራቸው የደፈረ የለም። እኔን ሐሰተኛ ምስክር ያሉት ሰው ለማትኖር ሴት ዋስ ሆኑ። ሌላ ሰው ቢነግራቸው የባሰ ይሆናል ብዬ ወደ ፊት መጣሁ።

"አባዬ፣ ሴትዮዋ የለችም" አልኩ።

"ሞተች?"

"አልተወለደችም። እኔ ነኝ የጻፍኳት።"

ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ሁለት ክረምት ሙሉ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አርፎ አያውቅም ነበር። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ "ልጁስ?" አሉኝ።

"እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"እናቱ ደጁ ድረስ መጥታ፣ በአጥር ቀዳዳ እያያት፣ ለምን አልወጣም?"

"አፍሮ ነው፣ አባዬ።"

"ቤት መሄዱን አምኛለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው የችሎቱ አልነበረም። "ይህን ግን አላምንም። ወላጅ ደጅ ቆሞ እያየ የማይወጣ ሰው የለም። ውሸት የጻፍከው እዚህ ላይ ነው።"

ትዕግሥቴ አለቀ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "አለ እንጂ" አልኩ። "ሁለት ክረምት በደጄ ያልፋሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እርስዎ አንድ ቀን ዞረው አላዩኝም። ከየት አመጣሁት ይመስልዎታል?"

አያ በድሩ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ዳኛው ሣጥኑ ላይ ተንቀሳቀሱ። አባቴ "እንግዲያው እሱን ጻፈው" አሉኝ። በቅሎዋ ላይ ወጡ፤ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ትንሽ ሄዱና ከመንገዱ መሐል ቆሙ። አልዞሩም። ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ቆመዋል፤ ከኋላ ያሉት ጭነኞች "ኧረ ይሂዱ፣ ባሻ" ይላሉ፤ እሳቸው አይንቀሳቀሱም። ምን እየጠበቁ እንደሆነ በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ገብቶታል። እኔ ደግሞ እንደሳቸው ግትር ነኝና አልሄድም ብዬ ቆምኩ። ጠበቁ። ገበያው ሁሉ በእኛ ምክንያት ቆመ። እንደተናደድኩ ሄድኩና ልጓሙን ያዝኩ፤ በታተመው ታሪክም ልጁ ከአጥሩ ጀርባ የሚወጣው እንዲሁ ነው።

በቅሎዋን እየሳብኩ ወደ ቤት ወረድን። ደኅና ነህ ወይ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። እስክንደርስ ድረስ ግን አያ በድሩ ይግባኝ ቢል እንዴት እንደሚረቱት ሲያስረዱኝ ሄዱ።